ለድረ ገጹ ብቻ የተከፈተ መስኮት

ለተከበሩ የአረጋውያን መጦሪያው ሥራ አስኪያጅ፦

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም የዓይንዎ ብርሃን ሳይጓደል እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ። ዓይንን ለይቼ የጠቀስኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከዚህ በታች የማቀርበው ሁሉ ከቢሮዎ ጥቂት እርምጃ ወጣ ብሎ የሚታይ ሆኖ ሳለ እስካሁን አለማየትዎ አሳስቦኝ ነው።

እኔ በእናንተ ዘንድ የምትጦር የአንዲት ሴት ታላቅ እህት ነኝ። እህቴን አያውቋት ይሆናል፤ ፎቶዋን ግን ያውቁታል። ድረ ገጻችሁን የከፈተ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው፤ ከትልቁ መስኮት አጠገብ ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ፀሐይ ግማሽ ፊቷን እየሞቃት፣ መጽሐፍ ይዛ ፈገግ ብላ። ከሥሯም «እዚህም ቤትዎ ነው» የሚል ተጽፏል። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል እንዲሉ፣ እኔና ልጇ ከእሷ በፊት በዚያው ወንበር ላይ ፈገግ ብለው የነበሩትን ሌላ እናት አይተን ፈረድንና አመጣናት። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ፤ ከአንገት በላይ ነው ብለው እንዳይጠረጥሩብኝ።

አንደኛ፣ ስለ ወንበሩ። ፎቶው የተነሳ ዕለት እህቴ ታጥባና ተበጥራ እዚያ ተቀመጠች፤ ፎቶ አንሺው ዕቃውን ሲሸክፍ እሷም አብራ ተሸክፋ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ክፍሏ በኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ነው። መስኮት የለውም ብዬ አልዋሽም፤ አለው፣ የሚያሳየው ግን እጅ ቢዘረጉ የሚነካውን የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነው። ፀሐይ የሚገባበት ክፍል የእንግዳ መቀበያ መሆኑንና ተጧሪዎች እንዳያዝረከርኩት ተቆልፎ እንደሚውል ተረኛዋ በትህትና አስረድታኛለች። የቀድሞ ሰዎች «የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ» ያሉት እንዲህ ያለውን የአሠራር ሥርዓት ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛ፣ ስለ መነጽሩ። የእህቴ መነጽር እናንተ ዘንድ በገባች ሰሞን ክንዱ ተሰብሮ ይጠገናል ተብሎ ተወሰደ፤ እንደተወሰደም ቀረ። በፎቶው ላይ ያደረገችው የሒሳብ ሠራተኛችሁን መነጽር ነው። በመጽሐፉ ላይ የሚታያት ጭጋግ ብቻ ነበር፤ ፈገግ ያለችውም ፎቶ አንሺው «እማማ፣ እስቲ ሳቅ ይበሉልን፣ ለቅሶ ቤት አስመሰሉት እኮ!» ስላላት ነው። እህቴ ከልጅነቷም የታዘዘችውን አትመልስም። መነጽሩ ሥራውን እንደጨረሰ ከዓይኗ ላይ ተነስቶ ለባለቤቱ ተመልሷል፤ ለሰው ንብረት ያላችሁ ጥንቃቄ እጅግ ያስመሰግናል።

እኛ በተማርንበት ዘመን፣ ሽፋኑን አሳምሮ ውስጡን ባዶ ያስረከበ ተማሪ ለቅጣት ደብተሩን ከፍ አድርጎ በክፍሉ ፊት ይቆም ነበር። ዛሬ ለዚሁ ሥራ ባለሙያ እንደሚቀጠርለት ስሰማ፣ ያለጊዜዬ መማሬ ቆጨኝ።

ሦስተኛው ስለ ልጇ ነው፤ እዚህ ላይ ምስጋናው ከእጄ አልወጣ ብሎኛል። ልጇ ሩቅ ከተማ ይሠራል። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይገባ ድረ ገጻችሁን ይከፍታል፣ እናቱን ያያል፣ ልቡ አርፎ ይሄዳል። ስለ ግድግዳውም ስለ መነጽሩም ነገርኩት። «አክስቴ፣ አንቺ ደግሞ መቼ ምን አስደስቶሽ ያውቃል? ይኸው እያየኋት!» አለኝ። እያያት ስለሆነ መደወሉን ተወው። እሷ ደግሞ የስልክ ጥሪ በሰማች ቁጥር፣ የማንም ስልክ ይሁን፣ ቀና ትላለች።

ባለፈው ሰሞን ላበጥራት ማበጠሪያ ሳወጣ «ዛሬም ፎቶ አለ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። የለም ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ፎቶውን ከድረ ገጹ አንሱልኝ ብዬ አላስቸግርዎም፤ እውነት አድርጉልኝ ነው የምለው። ወንበሩ አለ፣ መስኮቱ አለ፣ ፀሐይዋም ማንንም ሳታስፈቅድ ትወጣለች። የጎደለው እዚያ የሚቀመጠው ሰው ነው፤ እሱም በኮሪደሩ መጨረሻ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። መነጽሯንም ፈልጋችሁ ብትመልሱላት፣ የጻፋችሁትን «እዚህም ቤትዎ ነው» የሚለውን ራሷ ታነበዋለች።

በመጀመሪያው ገጽታችሁ እጅግ የተደነቅሁ፣ ሁለተኛውን እስካይ ዕድሜ እንዲሰጠኝ የምለምን፣
የፎቶዋ ሴት ታላቅ እህት

ማሳሰቢያ፦ ልጇ መጥቶ በዓይኑ እንዲያያት ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ አሳምኜዋለሁ። ስልኩን ይዞ ይመጣል፤ እናቱንም የሚፈልጋት ከመስኮቱ አጠገብ ነው። ለእንግዳ መሰናዳት እንደምትወዱ ስለማውቅ የሚመጣበትን ቀን ብነግራችሁ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን ከአፌ እንዳያመልጠኝ ብዬ ለእኔም እንዳይነግረኝ አስጠንቅቄዋለሁ። እንግዲህ ያላችሁ አማራጭ በየቀኑ እዚያ ማስቀመጥ ነው።