ዝምታ መስሎት የቆረጠው

ሰኞ፣ ኪዳነ ምሕረት፤ ጠዋት

ዛሬም ዘግቷታል! ኮምፒውተሩን ከፈትኩ፤ ጭጭ። ስክሪን ሪደሬን ማለቴ ነው፤ ዓይኔ ስለማያይ የስክሪኑን ጽሑፍ በጆሮዬ የምታነብልኝን ሴትዮ። ድምፅዋን አጥፍቶ ሄደ። ማን? ደረጀ ነዋ፣ አዲሱ የስቱዲዮ ባልደረባዬ። ከዛሬ ጀምሮ ላንተ፣ ማስታወሻዬ፣ ደ. ነው፤ ሙሉ ስም አላባክንበትም። ጠየቅኩት። ልፍለፋዋ ራሴን ያመኛል ይላል። እሱ ቀኑን ሙሉ ስለ ጫማው ሲያወራ የኔን ራስ ማን ጠየቀው?

ወሬ ልንገርህ። አለቃችን እትየ ዘውዴ የእሑዱን የሬዲዮ ዝግጅት ከሁለታችን ላንዳችን ልትሰጥ ነው። የኔ የነበረውን! መፈተኛው የዲማው የቅኔ መምህር፣ የየኔታ ልሳኑ ቃለ መጠይቅ ነው። አሳምሮ ያሰናዳው ወንበሩን ይይዛል። ደ. ማውስ እየጎተተ፣ የድምፁን መስመር ስክሪኑ ላይ በዓይኑ እያየ ይቆርጣል። እኔ በኪቦርድ አቋራጭና በጆሮዬ። እናያለን።

ሐሙስ፣ ገብርኤል

ተዋረድኩ። 

እትየ ዘውዴ ከኋላዬ ቆማለች። የየኔታን ድምፅ ከፈትኩ። መቁረጫዬን፣ የኤስን ቁልፍ፣ ነካሁ፤ ምንም። ደገምኩ፤ ምንም። ምልክት ማድረጊያውም እንደዚያው። ሴትዮዋም ዳግም ታፍናለች፤ ምን እንደነካሁ የሚነግረኝ የለም። ደ. ጠጋ ብሎ፣ ማር በተቀባ ድምፅ፦ "ልርዳሽ እንዴ፣ እታለም?" እታለም! እባብ።

ምሳ ላይ ነው የገባኝ። ደ. በኔ ኮምፒውተር ማስታወቂያ በአማርኛ ሲጽፍ ቆይቶ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ሳይመልስ ተነሥቷል። ልቁረጥ ብዬ ስነካ ማሽኑ "ስ" ሊጽፍልኝ ይታገላል። አቋራጮቼ በሙሉ የአማርኛ ፊደል ሆነው ቀርተዋል። ረስቼው ነው ይላል። ይማልና ልመነው!

ለእትየ ዘውዴ ልነግራት ስገባ ሥራውን ሰጥታው ጨርሳለች። ለዚህ ሳምንት ብቻ ነው አለችኝ፣ ትከሻዬን እየደባበሰች። ስትደባብሰኝ አልወድም። አንድ ነገር ልትነጥቀኝ ስትል ነው የምትደባብሰኝ።

ቅዳሜ፣ ማርያም፤ ረፋድ

ነገ የሚተላለፈውን፣ የደ.ን ሥራ ሰማሁት። ኀጢአት ይሁንብኝ፣ ብቻዬን ሳቅሁ።

የኔታ፣ አባቴ የሚሏቸውን የመምህራቸውን ስም በጠሩ ቁጥር ድምፃቸውን ጣል ያደርጉታል፤ ሹክሹክታ ነው የሚሆነው። አክብሮታቸው ነው። ስንቀዳቸው እኔ ራሴ ማይኩን አስጠግቼላቸዋለሁ። ሹክሹክታ ደግሞ በስክሪኑ ላይ ጠፍጣፋ መስመር ነው አሉ። ደ. ዝምታ መስሎት ስሙን ከየቦታው ጠርጎ ጥሎታል። አሁን የኔታ መምህር የሌላቸው፣ ቅኔን ከራሳቸው ያፈለቁ ሰው ሆነው ቁጭ ብለዋል። የቅኔ ቤት ሰው መምህሩን ካደ ከመባል ሞቱን ይመርጣል።

ዝም ልበል? ይተላለፍ። ዲማ በሙሉ ይንጫጫበት። ደ. ይዋረድ፤ ወንበሬ ይመለስልኝ። ምን ገዶኝ!

ቅዳሜ፤ ከምሳ በኋላ

ቀርጸናቸው ስንለያይ የኔታ እጄን ይዘው ያሉኝ ጆሮዬ ላይ ተቀመጠ፦ "የአባቴን ስም አደራ፣ ልጄ። ተማሪዎቼ ይሰሙታል።" አደራውን የሰጡት ለኔ ነው። ለደ. አይደለም።

እትየ ዘውዴ ጋ ደወልኩ። ነገርኳት። እሷም፦ "በስማም! መምህራቸውን ካዱ ሊሏቸው እኮ ነው!" የስቱዲዮውን ቁልፍ ይዛ እዚያ ትጠብቀኛለች። ሙሉው ቀረጻ በፍላሽ እኔ ዘንድ አለ። ደረጀን ልጥራው ወይ አለችኝ።

ይምጣ አልኳት። ይቅር ብዬው እንዳይመስልህ፤ አላልኩም። ስክሪኑን አጠፋዋለሁ። ጎኔ ይቀመጣል። ያቺን ያፈናትን ሴትዮ በትልቁ ድምፅ ማጉያ እለቅለታለሁ፤ እሷ ስትለፈልፍ፣ እኔ ስነካ፣ ያ ስም አንድ በአንድ ወደየቦታው ሲመለስ ይሰማል። ራሱን ቢያመው ይመመው። ሰኞ ወንበሩን ለማን እንደምትሰጥ እትየ ዘውዴ ታውቃለች። ኪቦርዱ ግን ደ. እንዳይነካካበት ከዛሬ ጀምሮ እዚያ አያድርም፤ በቦርሳዬ ይዤው ነው የምገባው፣ ይዤው ነው የምወጣው።

ወደ ስቱዲዮ የሚወስደኝ ባጃጅ በር ላይ ጡሩምባውን እየነፋ ነው። መጣሁ! ፍላሹን የት አደረግኩት?