ኪሴን ፈትሺ

«አባዬ፣ ልጄ ለውዝ ከቀመሰ ጉሮሮው እንደሚዘጋ ስነግርህ ‹ትንሽ ቢቀምስ ምን ይሆናል?› ያልከኝ አንተ ነህ። እንዴት አምኜ ይዤው ልምጣ?»

ልጄ፣ እግዜር አንቺንም የአራት ዓመቱን ጌታዬንም ይጠብቅልኝ። ይህን የጻፍሽውን አራት ጊዜ አነበብኩት፤ ተናድጃለሁም። ያናደደኝ እውነት መሆኑ ነው። ብያለሁ።

እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ተሽሎታል፤ ጣሪያውም ማፍሰሱን ትቷል። ሠላሳ ዓመት ከኮቴ ኪስ ያልጠፋው ለውዝ ግን ከቤት ወጥቷል፤ ኪሱንም ገልብጬ አጥቤዋለሁ። የወጥ ቤቱን መደርደሪያ አራግፌ፣ በየማሸጊያው ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ በማጉያ መነጽር አነበብኩ። እናትሽ «ፈተና እያረመ ነው» እያለች ትስቅብኛለች።

ጎረቤታችን ነርሷ አለርጂው ሲነሳበት ልጁ ጭኑ ላይ የሚወጋውን መርፌ አሳየችን። ብርቱካን ላይ ሃያ ጊዜ ተለማመድኩ። እናትሽ «ብርቱካኑስ ተረፈ?» አለችኝ። የእሷ እጅ ከእኔ ይረጋል።

እሁድ አክስትሽ «ድሮ አለርጂ የሚባል የት ነበር?» ስትል፣ «ልጆች ይሞቱ ነበር፤ ምክንያቱን አናውቅም ነበር እንጂ» አልኳት።

የቀረኝ ነገር ካለ አንድ በአንድ ጻፊልኝ፤ ስልክ ላይ እናትሽ ስለምታለቅስ አይሰማም። ለእሱ ሙሉ ትንፋሽ፣ ለአንቺም እንቅልፍ ይስጥልኝ። ስትመጪ በር ላይ ኪሴን ፈትሺ፤ ከዚያ ልጁን ታሳቅፊኛለሽ። የምትመጡበትን ቀን እስከ ወሩ ሃያ ድረስ በጽሑፍ አሳውቂኝ። «እናስብበታለን» የሚል መልስ አልቀበልም።

አባትሽ