ከደህንነት ነኝ

ጥቅምት 6

ዛሬም ጉዴ ቢላዋዬን ቀማችኝ። የግቢው በር ላይ ፈታሽ ናት፤ ጎረቤቴም ናት። እሁድ ዕለት ቤቴ ተቀምጣ በዚሁ ቢላዋ ሸንኮራ ስትልጥ የዋለች ሴትዮ!

"አሴ፣ ስለት አይገባም። ለደህንነት ነው።"

እሺ፣ የመሥሪያ ቤቱን ሻይ ቤት የምሠራ ሰው ሽንኩርት በምን ልክተፍ? በጥርሴ?

"ስትወጪ ትወስጂዋለሽ።" ሣጥኗ ውስጥ ወረወረችው... ከአንድ አናጢ መዶሻና ከአንዲት ልጅ መቀስ ጋር። የጋዙ ሲሊንደር ግን በጋሪ ሲገባ ማን ዞር ብሎ አየው? ስለት አይደለማ!

ጥቅምት 9

ጋዙ ይሸታል። ሮዛ ጠዋት "እቴቴ፣ ራሴን አዞረኝ" አለች። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት፤ እርጉዝ ናት፣ ሆዷ ገፍቷል። ብርጭቆ የምታጥበው ውስጥ ነው፣ ከምድጃው ጀርባ። የኋላው በር ቢከፈት ነፋስ ይገባላት ነበር። ግን ከውጭ ተቆልፏል። ላዩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ "ለደህንነት ሲባል ተዘግቷል።" የማን ደህንነት? ሌባ እንዳይገባ ነው አሉ። እኛስ እንዳንወጣ?

ቁልፉ ያለው ኦቦ ሆርዶፋ ዘንድ ነው፤ የግቢው ጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ። ሄድኩ።

"የጋዙ ጎማ አርጅቷል፣ ይተነፍሳል፤ የኋላውም በር ይከፈትልን" አልኳቸው።

"በማመልከቻ አቅርቢው።"

"ኦቦ፣ ጋዙ ማመልከቻ ይጠብቃል እንዴ?"

ሳቁ። ለሚመለከተው አካል እነግራለሁ አሉ። የሚመለከተው አካል... ይሄን ሰውዬ በዓይኑ ያየ አለ?

ጥቅምት 16

ምን ነካኝ? እኔን ምን ነካኝ!

ሻይ ቤቱ ሞልቶ ሳለ አንድ ሰው ገባ። ጥቁር ጃኬት፣ በእጁ ስልክ።

"ደህና አደራችሁ። ከደህንነት ነኝ።"

አምቦ ውስጥ "ከደህንነት ነኝ" ተብሎ ሻዩን የሚጨርስ አለ? አንድ በአንድ ተነሥተው ወጡ። እኔና ሰውዬው ቀረን።

"እዚህ ችግር አለ ተብሎ ነበር።"

"የምን ችግር ጌታዬ? ነጋዻ! ሰላም ነው!"

"የሚሸት ነገርስ?"

"ጉንፋን ይዞኛል፣ አፍንጫዬ አይሠራም።"

"የኋላው በር ለምን ተቆለፈ?"

"በር? የኋላ በር አለው እንዴ?"

"እስቲ ልግባና ልየው።"

"አሁን ታጥቦ ነው ጌታዬ፣ ያንሸራትትዎታል።" ለእሱ ደህንነት ተጨነቅሁ እኮ! ሮዛ ከውስጥ "እቴቴ፣ ጋዙን..." ልትል ስትል በዓይኔ ዝም አሰኘኋት። ሻይ በነፃ ጋበዝኩት። አመስግኖ ሄደ።

ጉዴ እየሮጠች መጣች። "አሴ፣ ጎማውን አሳየሽው? ምትኩ ይባላል። የእሳትና የሥራ ቦታ ደህንነት ነው፤ ያንቺን አቤቱታ ሰምተው ነው የላኩት።"

"ታዲያ ከእሳት ነኝ አይልም!"

"መጠሪያው ደህንነት ነዋ።"

የሚጠብቀኝም ደህንነት፣ የሚያስበረግገኝም ደህንነት... በምን ልለይ? ሌላ ቃል ጠፋ?

ጥቅምት 17

ኦቦ ሆርዶፋ ጋ ተመለስኩ።

"ራስሽ ሰላም ነው ብለሻል። ጉዳዩ ተዘግቷል" አሉኝ።

በሩም ተዘጋ፣ ጉዳዩም ተዘጋ። ክፍት የቀረው ጋዙ ብቻ።

ጥቅምት 24

ጎማው ተበጠሰ። ነበልባሉ የውስጡን በር ያዘ። እኔ በዚህ፣ ሮዛ በዚያ። "እቴቴ! እቴቴ!" ትላለች። የኋላው በር ተቆልፏል። ኦቦ ሆርዶፋ የሉም፤ ባኮ ናቸው... ስለ አደጋ መከላከል ሥልጠና! ቁልፉ በኪሳቸው።

የጮህኩትን አላውቅም። ጉዴ የአናጢውን መዶሻ ከሣጥኗ መንትፋ በጓሮ ዞረች። ትቀጠቅጣለች፣ ትቀጠቅጣለች... ቁልፉ ተገነጠለ። "ባኢ! ባኢ! ውጪ!" እያለች ሮዛን ጎትታ አወጣቻት። ሠራተኞቹ እሳቱን በአፈር አጠፉት። ሲሊንደሩ አለመፈንዳቱ የማርያም ሥራ ነው።

የሮዛ ሻሽ ተቃጥሏል፣ ቅንድቧ ተለብልቧል። ሐኪሙ ጽንሱ ደህና ነው አለ። ደህና ነው። ደግሜ ጠየቅሁት። ደህና ነው።

ኅዳር 5

አዲስ ጎማ ገባ። የኋላው በር ቁልፍ የለውም። ወረቀቱን ግን ማንም አላነሣውም፤ ወለል ብሎ የተከፈተ በር ላይ "ተዘግቷል" ይላል። ምን ይባላል?

ምትኩ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። "እትዬ፣ ከ... ከእሳት ነኝ።"

"ግባ፣ ግባ! ተቀመጥ!" ዛሬ አንቱታም ጌታዬም የለ። ስለ በሩ ነገርኩት፣ ስለ ጎማው፣ ክዳን ስለሌለው ቦይ፣ ሰው ራስ ላይ ስለተንጠለጠለው ሽቦ... ሻዩ ቀዘቀዘ። ሌላ ቀዳሁለት፤ እሱም ቀዘቀዘ። ያን ቀን ሻያቸውን ጥለው የወጡት ሁሉ ወንበራቸውን ስበው ከበቡት። "ደረጃውስ? መብራቱስ?" ይላሉ። "ቀስ፣ በየተራ!" ይላል እሱ።

አናጢው መዶሻውን ሊወስድ መጥቶ ነበር። ጉዴ ግን ከኋላው በር አጠገብ ሚስማር መትታ ሰቅላዋለች፤ አልሰጥም አለችው።

"ለምን?"

"ለደህንነት ነው።"

ቢላዋዬን ዛሬም ቀማችኝ።