የቀኝ ቀንድ ክርክር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ጠዋት 3፡20

ዛሬም ድንጋይ። ጋሽ ንጉሤ፣ የላቦራቶሪያችን ባለሙያ፣ በአሲድ አሟሙቶ፣ አጥቦ፣ ጥቁር ዝቃጩን መስታወት ላይ አኑሮልኛል። እኔ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቻለሁ። ፍጡሬ በቦታው ነው። ዳይኖፍላጀሌት የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ፤ ኦጋዴን ባሕር ሳለ የኖረ፣ በባዶ ዓይን የማይታይ። ግን ደብተር ሆይ፣ አለባበሱን ብታየው! በጥቃቅን ሰሌዳ የተገጣጠመ ጥሩር። ወገቡ ላይ መቀነት። አናቱ ላይ አንድ ቀንድ፣ ግርጌው ሁለት። ሆዱ ላይ ቦይ፣ ጀርባው ላይ በር። ነፍስ የነበረው አካሉ በዚያች በር ወጥቶ ሄዷል። እኔ ጋ የቀረው ባዶው ቅርፊት። ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር እንደቆሙት ፎቆች፦ ቤት አለ፣ ሰው የለም።

ነገሩ ሁሉ ያለው ቀንዱ ላይ ነው። የታወቀው ዝርያ ከግርጌ ቀንዶቹ ግራው ይረዝማል። የእኔው ቀኙ! አዲስ ዝርያ ነው። ሁለት ዓመት ደክሜበታለሁ። አንድም የሳይንስ ስም አውጥቼ አላውቅም፤ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።

5፡00። አለቃዬ ዶ/ር ግዛው ገቡ። ዓይናቸውን ጣል አደረጉና የድሮው ነው አሉ። ቀኝ ቀንዱን ይዩ እንጂ አልኳቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ቀንድ በረዘመ ቁጥር ስም የሚወጣ ከሆነ ቄራ ሄደሽ ስትሰይሚ ዋዪ።»

ወጡ። ሳምቡሳ ሲመርጡ እንኳ ከዚህ በላይ ያያሉ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። መካኒሳ በጭስ ታፍኗል፤ ሰፈርተኛው ሁሉ ቆሻሻውን ያቃጥላል። የእኔ ጭስ ይብሳል። ዶ/ር የዝርያዎቹን ዝርዝር በተኑ። ፍጡሬ የድሮው ዝርያ ሥር ገብቷል፤ አጠገቡ «የሚመስል» ተብሎ። የሚመስል! መታወቂያ ላይ «አበበን የሚመስል» ተብሎ የተጻፈለት ዜጋ አለ?

ሦስት ገጽ ተቃውሞ፣ ከነፎቶው፣ አስገባሁ። ጋሽ ንጉሤ አነበበው።

«እሜቴ፣ ለአንድ ቀንድ ሦስት ገጽ? እኔ ሚስቴን ስፈታ አንድ ገጽ በቃኝ።»

ታላላቅ ሰዎች በዘመናቸው አይከበሩም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ትዕግሥቴ ወጣ።

ዶ/ር አስጠሩኝ። ያነሳሁትን ፎቶ ውጭ አገር ላለ ወዳጃቸው ልከውለት ኖሯል፤ ድንቅ ነው ብሎ መለሰ። ስለዚህ አሁን ድንቅ ነው። እሳቸውም ከመጀመሪያው ጠርጥረው ነበር! አዲሱን ዝርያ የሚያስተዋውቀው ጽሑፍ በወረቀት ወጥቶ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጧል። መጀመሪያ የእሳቸው ስም፣ ቀጥሎ የእኔ። የዝርያው ስም ቦታ ባዶ። በሙያችን ራስን በራስ መሰየም ነውር ነው አሉኝ፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው። ስለዚህ አንቺ በስሜ ሰይሚልኝ!

ደሜ ፈላ። እንደ ሎሌ እጅ ነስቼ ወጣሁ። ጽሑፉ ሐሙስ ለመጽሔት ይላካል። ከሆዱ በኩልም አንድ ፎቶ አንሺ ብለዋል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። 8፡10

ወይ ጉዴ።

ለፎቶው ብዬ ፎከሱን ከላይ ወደ ታች ቀስ እያልኩ አወረድኩ። መጀመሪያ የታየኝ በሩ አይደለም። ቦዩ ነው። የሆዱ ቦይ! በሩ ከሥር መጣ።

ቅርፊቱ እንደ ላስቲክ ወዲያ ማዶውን ያሳያል። ፍጡሩ በጀርባው ተንጋሏል። እኔ በሆዱ አሳልፌ የጀርባውን በር አይቼ፣ ጀርባው ወደ እኔ ነው ብዬ ጻፍኩ። ስለዚህ ቀኝ ያልኩት ግራው ነው። ያገኘኋቸው ሌሎች ሁለት ናሙናዎች ቀንዳቸው የተሰበረ፤ የሚመሰክርልኝ የለም። ሦስቴ አየሁ። ግራ። ግራ። ግራ።

የድሮው ዝርያ ነው። የተማሪ ስሕተት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ! ዓርብ በማን ላይ ነበር የጮኽኩት? ያቺ ደንቆሮ ትቅረብልኝ።

11፡30፣ የላፍቶ ታክሲ ውስጥ። ሰይጣን አጠገቤ ተቀምጧል፤ ሒሳብም አልከፈለም። ዝም በይ ይለኛል። ስሕተቱ ላይ ቀድሞ የሚጻፈው የእሳቸው ስም ነው፤ ፍጡሩም በእሳቸው ይጠራል። አንድ ቀን አንድ ተማሪ ፎከሱን ያወርድና ዓለም በዶ/ር ግዛው ይስቃል። እንዴት ያለ ስጦታ! ከላፍቶ በፊት ያለው ፌርማታ ድረስ ተስማምቼ ነበር።

ግን ስወርድ ያ ፍጡር ትዝ አለኝ። ፍጡሩ ምን አደረገ? ያን ሁሉ ዘመን ድንጋይ ውስጥ ስሙን ጠብቆ፣ በእኔና በአለቃዬ ጠብ የሰው ስም ይለጠፍበት?

ረቡዕ፣ ኅዳር 17። 4፡05

መስታወቱን አስተካክዬ ቦዩ ላይ ፎከስ አድርጌ ተውኩት። ጋሽ ንጉሤ አይቶ አፉን በእጁ ያዘ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም። ልንገርልሽ? አለኝ። እምቢ አልኩ፤ የጮኽኩት እኔ፣ የምናገረውም እኔ።

የዶ/ር ድምፅ በኮሪደሩ። ለአዲሱ ዝርያ ብለው የጾም ኬክ አስይዘው እየመጡ ነው፤ ሠራተኛውን ሁሉ ጠርተዋል። ቢላዋው ሳያርፍበት መናገር አለብኝ። ገቡ። ስሜን እየጠሩ ነው። ተነሳሁ፣ ደብተር፣ ያዝልኝ