የሰላጣው አዳራሽ መስታወት እንዳይሸፈን

ለተከበሩ የመኖሪያ ሕንፃዎች አስተዳደር ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ለሰላጣዎቹም እንዲሁ፤ ሙቀታቸውን በየሰዓቱ የሚለካላቸው ስላለ የእኔ ምኞት ባያስፈልጋቸውም።

እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ሳይንስ ያስተማርሁ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን የምኖር ጡረተኛ ነኝ። በምድር ቤቱ የነበረውን የነዋሪዎች አዳራሽ፣ ያለ አፈርና ያለ ፀሐይ፣ በውሃና በመብራት ብቻ፣ በስድስት ደርብ መደርደሪያ ላይ ሰላጣ የሚበቅልበት እርሻ ካደረጉት ሁለት ዓመት ሆነ። ትናንት የተለጠፈው ማስታወቂያ ደግሞ፣ የውጭው ብርሃን የተክሎቹን የዕረፍት ሰዓት ስለሚያዛባ፣ ከሰኞ ጀምሮ መስታወቱ በሙሉ ከውጭ በኩል ጥቁር በተቀባ ኮምፔንሳቶ እንደሚሸፈን ይገልጻል።

ፈተና ሳርም ከስህተቱ በፊት ትክክሉን መቁጠር ልማዴ ስለሆነ ከመልካሙ እጀምራለሁ።

፩. ውሃው በቱቦ እየዞረ ስለሚመለስ ከሜዳ እርሻ እጅግ ያነሰ ይበቃዋል። ተባይ ስለማይገባ መድኃኒት አይረጭም፤ ክረምት ከበጋ ይደርሳል። ይህን ያለ ምንም ሽሙጥ አደንቃለሁ፤ ተማሪዎቼን አምጥቼ ባሳየኋቸው ምንኛ በወደድሁ።

፪. ባለፈው ወር መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ለሰላጣዎቹ በቅጽበት ደረሰላቸው። አሳንሰሩ ግን ከጄኔሬተሩ ጋር ስላልተገናኘ፣ እኔና ጉልበቴ ሰባ ሁለቱን ደረጃዎች እየተመካከርን ወጣናቸው። ስለ ስፖርቱ አመሰግናለሁ።

፫. በዚህ ሁሉ መብራትና ጥበብ የሚበቅለው ቅጠል ብቻ ነው፤ ድንችና ስንዴ ዛሬም አፈር ውስጥ ናቸው። ቅጠሉም የሚሸጠው ለአራት ሰው ተብሎ በታሸገ ከረጢት ነው። ሦስቱን ሰዎች ከየት እንደማመጣ ከረጢቱን አገላብጬ ባነብም አላገኘሁም።

፬. በአዳራሹ ዳማ የምንጫወት አራት ነበርን። ቦታው የተወሰደ ዕለት ልብስ ሰፊው ወዳጄ፣ «መምህር፣ እግራችንን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈን ብንቀመጥ እኛንም ያስቀሩን ይሆናል» ብሎ አሳቀን። እሱ አሁን ልጁ ዘንድ ሄዷል። አዋላጇ እህታችን ከቤት አትወጣም። ሾፌሩም አረፈ። ዳማው እኔ ዘንድ ነው፤ ለብቻዬ ስጫወት ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሜ ስለማውቅ ተውሁት።

፭. ስለዚህ ደጅ ያለውን አግዳሚ ወንበር ከአዳራሹ መስታወቶች ከሦስተኛው ፊት አስጠግቼ፣ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተክሎቹን እቆጥራለሁ። አንድ ቀን በአራተኛው ደርብ ላይ ቅጠል ሲገረጣ አይቼ፣ ውስጥ ለምትሠራው ነጭ ጋዋን ለባሽ ልጅ በጣቴ አመለከትኋት። ቱቦው ተደፍኖ ኖሯል። አውራ ጣቷን አነሣችልኝ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ሰላም እንባባላለን። ድምፅ አያልፍም፤ ስሟንም አላውቅም። በቀደም ጉንፋን አራት ቀን አስተኝቶኝ በአምስተኛው ብወርድ፣ ሥራዋን ጥላ ወደ መስታወቱ መጣችና ሁለት እጆቿን ዘርግታ፣ የት ጠፍተው ነው በሚል ዓይን አየችኝ። ክቡርነትዎ፣ ሰማንያ አባወራ በሚኖርበት በዚህ ሕንፃ፣ መቅረቴን የመዘገበ ሰው እሷ ብቻ ነች።

የምጠይቀው አንድ መስታወት ነው። አዳራሹ እንዲመለስልኝ አላልሁም። ሦስተኛው መስታወት ሳይሸፈን ይቅርልኝና ወፍራም መጋረጃ በራሴ ወጪ አሰፋለሁ፤ ከሦስት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ከሩብ ብቻ ይገለጣል። የሰላጣዎቹን ዕረፍት ላለመረበሽ ቃል እገባለሁ፤ እስኪሰለች ድረስ ማረፍ ምን እንደሆነ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ለቅጠል ያለዎት ርኅራኄ አንድ ቀን ወደ ሥጋ ለባሽ እንደሚሻገር በመተማመን፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የአራተኛ ፎቁ መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጽሕፈት ቤትዎ አቤቱታ የሚቀበለው በቀጠሮ፣ ቀጠሮ የሚሰጠው በስልክ፣ ስልኩም የማይነሣ በመሆኑ ይህን ደብዳቤ መስታወቱ ላይ ለጥፌዋለሁ። ልመናዬ ተቀባይነት ካላገኘም አልከፋም። የመስታወቱን ርዝመት ለክቻለሁ፤ ጥቁር የተቀባ አሥራ አንድ ሜትር ኮምፔንሳቶ በማስተማር ዘመኔ ሁሉ ያላገኘሁት ሰሌዳ ነው፤ ጠመኔም ሁለት ፓኮ ተርፎኛል። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ በመንገደኛው ፊት ስም እጠራለሁ፤ የሚጀምረውም ከእርስዎ ነው።