እናቴን ማን ይያዛት?

ኅዳር 13፣ ማክሰኞ (1964)
ቡና ለቀማ ዋልኩ። የተሰበረውን ማውጣት፣ ጥቁሩን ማውጣት... ዓይኔ ጠፋ። አጠገቤ የምትለቅመው ስመኝ፣ "መምህሩን ውሸታም ብለሽ በሩን ጠርቅመሽ ባትወጪ ይሄኔ ስምንተኛ ነበርሽ" አለችኝ።
"ውሸታም ነዋ!"
ሳቀች። ባሏ ደመላሽ የጭነት መኪና ረዳት ነው። በመጣ ቁጥር ብርቱካን አይጠፋኝም።
ማታ እማዬ ስለ ጋሼ ደበበ ብቻ። ከሞያሌ መንገድ ሥራ ለገና ይመጣል። ጋቢ እያሠራችለት ነው። እኔንም አዲስ አበባ ወስዶ የማታ ትምህርት ሊያስገባኝ ቃል ገብቶልኛል። ወንድሜ አይዋሽም።

ኅዳር 14፣ ረቡዕ
ሞቷል።
መንገድ ሥራው ላይ ቋጥኝ ተንዶበት። እዚያው ቀብረውታል። አንድ ሾፌር ለሚዛን ሠራተኛው ሲያወራ ሰማሁ። ከኋላው መቆሜን አላየም።
አጎቴ ወልደዮሐንስ ጋ ሮጥኩ። ያውቃል! ከሰኞ ጀምሮ!
"እሑድ ማለዳ እናረዳታለን። የኮንጋ ዘመዶች ይምጡ። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትዪ!"
"እናቱ አይደለችም እንዴ?"
"እናቱ ስለሆነች ነው። 'ጃንሆይ ይሙቱ' በይ።"
ማልኩ። ጥርሴን ነክሼ።

ኅዳር 15
ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለቀማ ላይም አመለጠኝ። ስመኝ ነጠላዋን ጣል አደረገችብኝና "ትኩሳት ነው፣ ተዉአት" አለቻቸው። እሷም ታውቃለች ማለት ነው...

ኅዳር 16
እማዬ ሚስት አይታለታለች። የጪጩ አገር ልጅ። "እንዳንቺ ምላሷ አይዋጋም" ትለኛለች እየሳቀች። ጎረቤቱ ደግ ሆነባት። አንዷ ቆጮ፣ አንዷ ወተት። "ዘንድሮ ሰዉን ምን ነካው?" አለች።
ሰው የሚኖረው ለምንድነው? ተስፋ ለማድረግ ከሆነ፣ ዛሬ እማዬ ከሁላችንም በላይ እየኖረች ነው። በሞተ ሰው።

ኅዳር 17፣ ቅዳሜ
ምን አደረግኩ...
ገበያ ወጣን፣ ሸማኔው ጋ። ጋቢውን ዘርግታ "ይሄማ ያጥርበታል! ልጄ እኮ ረጅም ነው" አለችው። ሸማኔው መሬት መሬት ያያል። እዚያ የቆሙት ሴቶች ተጠቃቀሱ። አንዷ ከንፈሯን መጠጠች። እማዬ ምንም አልገባት፣ ሳቀችላቸው። ደሜ ፈላ።
"አይመጣም! ሞቷል! ሁሉም ያውቃል፣ አንቺን ነው የሚያታልሉሽ!"
ወደቀች። ሽንኩርት የተዘረጋበት ላይ። ግንባሯን ድንጋይ መታት። ነጠላዋ ተገፍፎ ወደቀ። ልይዛት ሞከርኩ፣ ከበደችኝ። ያለኝ ሁለት እጅ ብቻ ነው። ዘመድ የለ፣ ጎረቤት የለ። አህያ ነጂው ሁሉ ቆሞ ያያታል።

ኅዳር 20
አታናግረኝም። ግንባሯ በፋሻ ታስሯል። ዛሬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አንድ ጊዜ ብቻ፣ "ቤቴ እንኳ ብታደርሺኝ" አለች።
እውነቱን ነው የነገርኳት። እውነት ነው። ታዲያ ለምን...?

ታኅሣሥ 28
ገና። ለጋሼ ደበበ የተገዛው በግ እንደታሰረ ዋለ።

ጥር 6፣ ቅዳሜ
አሁን ደግሞ ደመላሽ። መኪናው ገደል ገባ። ስመኝ አልሰማችም። ቀኑን ሙሉ አጠገቧ ለቀምኩ። "ብርቱካንሽ መንገድ ላይ ነው፣ አይዞሽ" አለችኝ። ሳቅኩላት። እኔ! መምህሩን ውሸታም ብዬ ትምህርት የተውኩት።
ማታ ቤታችን ስለ መርዶው ተመካከሩ። አጎቴ፣ "አልጋነሽ ትቅር። አፏን እናውቀዋለን" አለ ወደ እኔ እያየ።
"ትመጣለች" አለች እማዬ። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ሰው መሀል ስትናገር ገና አሁን መስማቴ ነው። "ሰው ሲወድቅ እንዴት እንደሚከብድ ታውቃለች።"

ጥር 7፣ እሑድ
ማለዳ ሄድን። ስመኝ ፀጉሯን እንኳ አላሰረችም። "ውይ አልጊ! በጠዋቱ... ምነው በሰላም?" አለችና ከኋላዬ ያሉትን አየች። አንድ በአንድ። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ገቡ። እኔ ከኋላዋ፣ በጉልቻው በኩል። አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ።
ያዝኳት።
ከበደችኝ። አልለቀቅኳትም። ከጎን ሌላ እጅ ገባልኝ። ቀና ብዬ አላየሁም። የእማዬን እጅ አውቀዋለሁ።