የተትረፈረፈ እጥረት

የካቲት 4
ዛሬም ሃያ ቃል። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ሞታሌብ ሰር የማጠናከሪያ ክፍሉን በር ዘጋና ራሱ ያሳተማትን ቢጫ መጽሐፍ አደለን። «ሦስት መቶ ከባድ ቃላት»። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የቀረው ሁለት ወር ነው። እንግሊዝኛ ኤ ካላመጣሁ ራጅሻሂ ከተማ ሄዶ ኮሌጅ መማር የለም።
«ፈታኝ የገባውን ይንቃል፣ ያልገባውን ይፈራል» አለ። «ማርክ የሚሰጠው ደግሞ ለሚፈራው ነው። ታህሚና፣ ገባሽ?»
አልገባኝም። እንግዲህ ማርክ ልሰጠው ነው መሰለኝ።

የካቲት 9
ኮፒየስ። የተትረፈረፈ ማለት ነው። ጮክ ብዬ ስሸመድድ እማ ሩዝ እየለቀመች ሰማችኝ።
«ኮፒ ነው ያልሽው? ፈተና ላይ ኮፒ ልታደርጊ ነው እንዴ፣ አንቺ ልጅ!»
ላስረዳት ብል ሳቅ አሸነፈኝ። እሷም ሳቀች። ሩዙ ተደፋ።

የካቲት 15
የሰፈራችን የእጅ ፓምፕ ቀይ ቀለም ተቀባ። መርዝ ተገኘበት፣ አይጠጣም ማለት ነው። እማ ከዛሬ ጀምሮ መስጊዱ ጋ ካለው ልትቀዳ ነው። ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት... በዚያ በሚያማት ጉልበቷ።
ወረዳው አንድ አዲስ ፓምፕ አለው አሉ። ላመለከተ ሰፈር ይሰጣል። ጎረቤታችን ሞርጂና ወዲያው ጣቷን እኔ ላይ ቀሰረች። «እንግሊዝኛ የምታጠናው ልጅ ትጻፍልን። በእንግሊዝኛ ሲሆን ቢሮው ይደነግጣል።»
እኔም ደነገጥኩ። ግን ደስ አለኝ። ማመልከቻ ፈተና ላይም ይመጣል... ልምምድ አይደል?

የካቲት 17
ጻፍኩ። አንድ ገጽ ተኩል፣ አርባ አንድ ከባድ ቃል። ከሁሉም የምኮራው «ኮፒየስ ስኬርሲቲ» ባልኩት ነው። የተትረፈረፈ እጥረት! ሞታሌብ ሰር አንብቦ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቅር ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ውሃ የምትለዋ ቃል አጠረች። ረዘም ያለ ስም የላትም?»
የላትም አልኩት።

የካቲት 22
እማ ዛሬ ሦስቴ ተመላለሰች። እኔ ስልሳ ቃል።

የካቲት 30
መልስ መጣ። ሰፈሩ ግቢያችን ተሰብስቦ «አንብቢው፣ አንብቢው» አለኝ።
«በአካባቢያችሁ ውሃ የተትረፈረፈ መሆኑን በማሳወቃችሁ እናመሰግናለን። ፓምፑ ለተቸገረ ሰፈር እንዲሰጥ ታስቧል።»
ደግሜ አነበብኩት። ያው ነው።
«ውሃችንን በእንግሊዝኛ ደፋሽው» አለች ሞርጂና። እማ እንስራዋን አንስታ ወጣች። ምነው በተቆጣችኝ... መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መጋቢት 2
ወረዳ ሄድኩ። ደብዳቤ የሚቀበለው ጸሐፊ ባድሩል ይባላል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽር ይፈልጋል።
«ኮፒየስ ብለሻል» አለኝ። «መዝገበ ቃላት አውጥቼ በዓይኔ አይቻለሁ።»
«ቀጥሎ ያለውን ቃልስ አዩት?»
«እሱማ ኤስ ላይ ነው። የእኛ መዝገበ ቃላት እስከ ፒ ድረስ ነው። የቀረውን አይጥ በልቶታል።»
ውሃ የለንም አልኩት፣ በራሳችን ቋንቋ።
«ታዲያ እንዲህ አትይም ነበር!» ብሎ ጮኸብኝ። ግን በእንግሊዝኛ የተከፈተ ፋይል በእንግሊዝኛ ነው የሚታረመው አለ። ወረቀት ሰጠኝ። እዚያው ቆሜ ጻፍኩ። ውሃ የለንም። ያለው መርዝ ነው። እናቴ ለውሃ አንድ ሰዓት ትሄዳለች። እባካችሁ ፓምፕ ስጡን። የአራተኛ ክፍል ልጅ የሚያውቃቸው ቃላት ብቻ።
አነበበና ፊቱ ጠቆረ። «ይሄማ ለእኔም ገባኝ! ለአለቃ እንዲህ ያለ ነገር ይቀርባል?»
እያጉረመረመም ቢሆን ማኅተሙን መታበት።

ሚያዝያ 6
የእንግሊዝኛ ፈተና። የመጨረሻው ጥያቄ፦ ለሰፈርሽ የእጅ ፓምፕ እንዲተከል ማመልከቻ ጻፊ። አላህ ሲቀልድ!
ሦስት መቶው ቃል «እኔን፣ እኔን» እያለ ተጋፋ። ኮፒየስ ከፊት። ራጅሻሂን አሰብኩ... ከዚያ እማ እንስራዋን አንስታ ስትወጣ ትዝ አለኝ። ባድሩል ፊት ቆሜ የጻፍኩትን ጻፍኩ።
ሞታሌብ ሰር በር ላይ ጠበቀኝ። «ስንት አስገባሽ?»
«አንድም።»
ግድግዳውን ተደገፈ። ውሃ አምጡለት ተባለ።

ሐምሌ 19
ውጤት ወጣ። ቢ። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ራጅሻሂ ቀረ። እዚሁ ወረዳችን ያለው ኮሌጅ ግን ይቀበለኛል። አጠገቤ የሚቀመጠው ሩስተም ኤ አመጣ። ምን ብለህ ጻፍክ ስለው «እኔ እንጃ» አለኝ።
ፓምፑም ዛሬ ተተከለ። ዝናቡ ደጃችንን ሐይቅ ካደረገው በኋላ... የሚጠጣ ግን እስከ ትናንት ድረስ የምንቀዳው መስጊዱ ጋ ነበር። ባድሩል ሰሌዳ አሠርቶ መጣ፣ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል፦ «ለኮፒየስ ስኬርሲቲ የተበረከተ»።
«ሁለተኛውን ደብዳቤዬን አልተቀበሉም እንዴ?» አልኩት።
«በእሱ ነው እኮ የተፈቀደው! ግን ለሰሌዳ አጠረ። ያሳፍራል።»
እማ እንስራዋን ከሥር አስቀምጣ እጀታውን መግፋት ጀመረች። ሰሌዳውን ቀና ብላ አየችው።
«ምን ይላል?»
«ውሃ ይላል።»
«ይሄ ሁሉ ፊደል?»